መሸንቲ አካባቢ

ከባሕር ዳር ወደ መራዊ የሚወጣው አስፋልት መሸንቲን መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ያልፋል። በአስተዳደር ከባሕር ዳር ሳተላይት ከተሞች አንዷ ናት፤ በኑሮዋ ግን የመንገድ ልጅ ናት። ሱቁም፣ ሻይ ቤቱም፣ ጎሚስታውም ፊቱን የሰጠው ለአስፋልቱ ነው። ሰው የሚገበያየው፣ እንግዳ የሚጠብቀው፣ ቆሞ የሚጨዋወተው እዚያው ጠርዙ ላይ ነው።

ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል በአንዱ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ዐይኑ አያርፍም። ሽንኩርትና ጎመን የጫነ አይሱዙ ከቆጋ በኩል ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር ይከንፋል። የባሕር ዛፍ አጠና የደረደረ ሌላ መኪና ይከተለዋል፤ አጠናው ከኋላ ወጥቶ መብራቱን ሸፍኖታል። ጋሪ ያለ ምንም መብራት ያዘግማል፤ ፈረሱ ከአስፋልቱ ወጣ ገባ ይላል። ከገበያ የቀሩ እናቶች ባዶ ማዳበሪያቸውን ጠቅልለው ዳር ዳሩን ይሄዳሉ። በዚህ ሁሉ መሐል ሞተሮች አሉ፦ ሁለት ሰው የጫነ፣ ሦስት ሰው የጫነ፣ ከኋላው ኩንታል የታሰረበት፣ ታርጋ ያለው፣ ታርጋ የሌለው። አንዱ ሞተረኛ ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አጥልቆታል፤ ከፊቱ ትራፊክ ካየ ራሱ ላይ ሊደፋው።

በእኛ ሰማይ ማምሻ አጭር ናት። ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ጨለማው ዱብ ይላል። ያቺ ግማሽ ሰዓት ሁሉም ወደ ቤቱ የሚጣደፍባት፣ አንዱ መብራት ሲያበራ ሌላው ገና ያላበራባት ሰዓት ናት። የአክስቴ ልጅ የወደቀው በእሷ ነው።

ስድስት ዓመት ሊሆነው ነው። ጓደኛው ሞተር እየነዳ፣ እሱ ከኋላ ተፈናጦ ከመራዊ ሲመለሱ መሸንቲ ላይ ወደቁ። ራሱ ተነሣ፤ አቧራውን አራገፈ፤ የተጎዳው እጁ ብቻ መሰለ። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ እጁ ታሸ፣ ታሰረ። በማግስቱ ራሱን አመመው። ድካም ነው ተባለ። እያደር እንቅልፍ በዛበት። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሊቀሰቅሱት ቢሄዱ አልነቃም። የነጂው ቤተሰቦች ድንጋይ ተሸክመው መጡ። ሽማግሌዎቹ «ልጅ ነው፣ ፈጠነ፤ ያኛውም ቀኑ ደርሶ ነው» አሉ። አክስቴ ይቅር አለች።

ያ እርቅ የከበረ ነገር ነው፤ ሁለት ቤት ከመቆራረጥ ድኗል። ግን ያ ሞት የት ተጻፈ? ፖሊስ አልተጠራም። ሆስፒታል አልገባም። ወጌሻ መዝገብ አይይዝም። ቀበሌ ሄዶ ሞቱን ያስመዘገበ ሰው የለም። አገሪቱ በዚያ ዓመት የመንገድ ሙታኗን ስትደምር የአክስቴን ልጅ አልደመረችውም።

እንዲህ ሳይደመሩ የቀሩት ስንት ናቸው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ላይ ስለ ኢትዮጵያ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው መንግሥት በ2008 በጀት ዓመት በትራፊክ አደጋ ሞቱ ብሎ ያሳወቀው ነው፤ 4,352 ሰው። ሁለተኛው ድርጅቱ ራሱ ያሰላው ግምት ነው፤ 27,326 ሰው። ከትልቁ ላይ ትንሹን ስንቀንስ 22,974 ይቀራል። አንድ ትንሽ ከተማ ሙሉ ሰው ማለት ነው።

ግምቱ የተገኘው ሰው በየቤቱ ዞሮ ቆጥሮ አይደለም። የሞት ምዝገባቸው ላልተሟላ አገሮች ድርጅቱ የአገሩን ገቢ፣ የተሽከርካሪውን ብዛት፣ የመንገዱን ሁኔታ፣ የሕክምናውን ተደራሽነትና የመሳሰሉትን ወደ ሒሳብ ቀመር ያስገባል፤ ቀመሩም አንድ ቁጥር ያወጣል። ትክክለኛው ከዚህ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል። ኢትዮጵያ ልደትና ሞትን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው በ2008 ክረምት ነውና ቀመሩን በመዝገብ ለማረም የምንችልበት ጊዜ ገና ሩቅ ነው። ስለዚህ የቀመሩ ሰዎች ስም የላቸውም። የት እንደወደቁ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደገጫቸው አይታወቅም። ለመንገድ ሥራ የሚጠቅመው ደግሞ ይኸው ያልታወቀው ነገር ነው። 27,326 የሚለው ቁጥር የሚኒስትር ልብ ሊያስደነግጥ ይችላል፤ መሸንቲ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የት ይሠራ ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ የለውም።

ለዚያ መልስ ያለው የትራፊክ ፖሊስ የአደጋ መዝገብ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ የመግለጥ ዕድል ገጥሞኝ ያውቃል፤ የየትኛው ጣቢያ እንደሆነ ባልናገር ይሻላል። ጀርባው የተላጠ፣ በእስክሪብቶ የተሰመረ፣ በጥንቃቄ የተያዘ መዝገብ ነበር። የጻፈው ሰው ሥራውን እንደሚያከብር ከእጅ ጽሑፉ ይታያል። ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ የመኪናው ዓይነት፣ የነጂው ዕድሜ፣ የጉዳቱ ልክ አለ። «ቦታ» በሚለው አምድ ሥር ግን ከላይ እስከ ታች የከተሞች ስም ተጽፎ ከኋላው አንዲት ቃል ትከተላለች፤ «አካባቢ»። እንደዚያ ከሆነ በመሸንቲ ዙሪያ ኪሎ ሜትሮች ላይ የተበተነው አደጋ ሁሉ ተሰብስቦ «መሸንቲ አካባቢ» ይሆናል። ኩርባው ላይ የሞተውም፣ ገበያው በር ላይ የሞተውም፣ ድልድዩ ጋ የሞተውም አንድ አድራሻ አላቸው። ለክስ ይበቃል። ለመሐንዲስ አይበቃም።

ቀጥሎ «መንስኤ» የሚለው አምድ ይመጣል። ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቃቸው ሐረጎች ናቸው፤ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ማሽከርከር፣ ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት፣ ርቀትን ጠብቆ አለመንዳት። ሐሰት አይደሉም። ነገር ግን ሁሉም የነጂ ጥፋቶች ናቸው። የፖሊስ ሥራ ጥፋተኛ መለየት በመሆኑ መዝገቡ የሚጠይቀው «ማን አጠፋ?» ብሎ ነው። «ምን ቢኖር ኖሮ አይሞትም ነበር?» የሚለው ጥያቄ አምድ የለውም።

ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ሥርዓት ያስያዘው ዊሊያም ሃዶን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአገሩን የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የመራ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ሃዶን የመንገድ አደጋን እንደ ወረርሽኝ አየው። ወባን የሚያጠና ሰው ታማሚውን «ለምን ተነደፍክ?» ብሎ አይቆጣም፤ ትንኟን፣ ረግረጉን፣ አጎበሩን ያያል። ሃዶንም አንድን አደጋ በሦስት ጊዜ ከፈለው፤ ከግጭቱ በፊት፣ በግጭቱ ቅጽበት፣ ከግጭቱ በኋላ። በእያንዳንዱ ጊዜ ደግሞ ሰውየውን፣ ተሽከርካሪውንና መንገዱን ለየብቻ መረመረ። ዘጠኝ ሳጥን ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ሞት ከእነዚህ ሳጥኖች በስንቱ ሊቀር ይችል ነበር? ከግጭቱ በፊት መንገዱ ላይ ምን ነበር? በግጭቱ ቅጽበት ራሱ ላይ ምን ነበር? ከግጭቱ በኋላ የራስ ምታት ያለበትን ልጅ ቶሎ ሆስፒታል የሚያደርስ፣ «ራሱን የተመታ ሰው እንቅልፍ ሲበዛበት አደጋ ነው» ብሎ የሚያውቅ ሰው ነበር? ሽማግሌዎቹ ከዘጠኙ አንዱን ሳጥን ሞልተው ተነሡ፤ «ፈጠነ»።

ከፖሊስ ያመለጠውን ሆስፒታል ያገኘዋል ተብሎ ይታሰባል። በከፊል እውነት ነው። የመሸንቲ ቁስለኛ ዕድል ከቀናው ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ይደርሳል፤ እዚያም ካርድ ይወጣለታል። ሁለቱን መዝገቦች፣ የፖሊሱንና የሆስፒታሉን፣ አጋጥሞ የጠፉትን የመገመት ዘዴ አለ። የዓሣ ሊቃውንት የሚጠቀሙበት ስለሆነ ለጣና ዳር ሰው ለማስረዳት አያስቸግርም።

ጣና ውስጥ ስንት ቀረሶ እንዳለ ማንም ቆጥሮ አይዘልቀውም። ግን ዛሬ መረብ ጥለህ ያወጣሃቸውን ምልክት አድርገህ ብትለቃቸው፣ ሌላ ቀን እንደገና ጥለህ ካወጣሃቸው ውስጥ ምልክት ያለባቸው ስንት እንደሆኑ ብታይ፣ ሐይቁ ውስጥ ያለውን መገመት ትችላለህ። ሁለተኛው መረብ የያዘው ሁሉ ምልክት ካለበት ሐይቁ ውስጥ ብዙ ዓሣ የለም። ምልክት ያለበት ከጠፋ ግን ያላየኸው ዓሣ እጅግ ብዙ ነው። ፖሊስ አንድ መረብ ነው፤ ሆስፒታል ሌላ መረብ። ለምሳሌ በአንድ ዓመት ፖሊስ 20 ሟቾችን፣ ሆስፒታል 15 ሟቾችን ጻፉ እንበል፤ በሁለቱም መዝገብ ላይ ያሉት 10 ይሁኑ። 20ን በ15 አባዝተን ለ10 ስናካፍል 30 ይመጣል። ሁለቱ መዝገቦች ተደምረው የያዙት 25 ስም ነው። እንግዲያው ከሁለቱም መረብ ያመለጡ አምስት ያህል ሰዎች አሉ።

በዚህ ዘዴ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ባለው አውራ ጎዳና ላይ የሠሩት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ያሳየውም ፖሊስም ሆነ ሆስፒታል ለየብቻቸው የሟቾቹንና የቁስለኞቹን ልክ እንደማይደርሱበት ነው። ሁለቱን ማጋጠም ራሱ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ይህን ሥራ ሞክሮ ያልተማረረ ሰው ያለ አይመስለኝም። ፖሊስ የሚጽፈው በአማርኛ ነው፤ የሆስፒታል ካርድ በፈረንጅ ፊደል። «ኃይለ ሚካኤል» በፈረንጅ ፊደል ሲገለበጥ በአምስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ በራሳችን ፊደልም በሀ፣ በሐ ወይም በኀ ይጀምራል። ፖሊስ «ከምሽቱ 1 ሰዓት» ሲል ሐኪሙ ያንኑ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር «7» ብሎ ይጽፈዋል። በአንዱ መዝገብ መጋቢት የሆነው በሌላው ማርች ነው። ራሱን ስቶ የመጣ ሰው ደግሞ ስም የለውም፤ «ያልታወቀ» ነው። በፖሊስ መዝገብ «ከባድ ጉዳት» ተብሎ የተጻፈው በአሥረኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ቢሞት ደብተሩን ገልጦ የሚያርም ሰው ያስፈልጋል። ዓለም የተስማማበት ልክ 30 ቀን ነው፤ ከአደጋው በ30 ቀን ውስጥ የሞተ የመንገድ ሟች ይባላል። የአክስቴ ልጅ በዘጠነኛው ቀን ነው የሞተው።

መዝገብ ለጥናት ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው፤ መብትም ነው። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ በተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው ሁሉ እስከ 2,000 ብር አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር። ገጭቶ ያመለጠ፣ መድን የሌለው መኪና የጎዳው ሰውም ከመድን ፈንድ ካሣ የሚጠይቅበት በር ተከፍቷል። ያ በር የሚንኳኳው ግን በፖሊስ ማስረጃ ነው። ማስረጃ የሌለው ገበሬ ላሙን ሸጦ ይታከማል።

አሁን ተቆጥሮ የሚገኘው ትርፍ ምንድን ነው ወደሚለው ልምጣ።

አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2015 የብሉምበርግ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከሚያግዛቸው የዓለም ከተሞች አንዷ ሆነች። ከዚያ በኋላ የፖሊስ የአደጋ መዝገብ በዓመት በዓመት እየተተነተነ ይወጣ ጀመር። የታየው ነገር ብዙ ባለመኪና አልጠበቀውም፤ ከከተማዋ የመንገድ ሟቾች ከአራቱ ሦስት የሚበልጡት እግረኞች ነበሩ። ይህን ካወቅህ በኋላ ገንዘብህን መንገድ ለማስፋት ብቻ ልታውለው አትችልም። ለገሃር ያለው መስቀለኛ መንገድ በቀለምና በቀላል መከለያዎች እንደገና ተቀረጸ፤ መኪና ሳያስፈልገው የያዘው አስፋልት ለእግረኛ ተመለሰ፤ መሻገሪያው አጠረ። ቀለም ርካሽ ነው። በቁጥር የተደገፈ ቀለም ከቁጥር አልባ ድልድይ ብዙ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

የሞተርን ነገር በተመለከተ ደግሞ የማደንቃት አገር ቬትናም ናት። ሕዝቧ በሞተር የሚኖር ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 15 ቀን 2007 ሄልሜት በየትኛውም መንገድ ላይ ለነጂም ለተፈናጣጭም ግዴታ ሆነ። ከዚያ በፊት ከግማሽ በታች የነበረው የሄልሜት አጠቃቀም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከዘጠና በመቶ በላይ ወጣ። ሕጉ ብቻውን አልሠራውም፤ ፖሊስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ነበር፣ ቅጣቱም ከፍ ያለ ነበር። ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው መቁጠራቸውንም አላቆሙም። ቆጠራው የሕጉን ቀዳዳ አሳየ። ወላጅ ሄልሜት ያደርጋል፤ ልጁ ራቁት ራሱን ይፈናጠጣል። ብዙው ሄልሜት ደግሞ ርካሽ ነበር፤ ከስሙ በቀር ራስን የማያድን።

በእኛ አገርም ሞተረኛ ሄልሜት እንዲያደርግ ሕጉ ያዛል። ሄልሜት ምን ያህል ያድናል ለሚለው 61 ጥናቶችን ያጠቃለለ ምርመራ መልስ ሰጥቷል፤ በአደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። የአክስቴን ልጅ የገደለው ነገር ከውጭ አይታይም ነበር። ራስ ሲመታ ከራስ ቅሉ ሥር ቀስ ብሎ የሚደማ ሥር አለ፤ ደሙ በቀናት ውስጥ ተጠራቅሞ አንጎልን ይጫናል፤ ሰውየው መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይጫነዋል። ይህን የነገረኝ አንድ ሐኪም ነው፤ የሕመሙን ቅደም ተከተል ስነግረው ገና ሳልጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

መሸንቲ ላይ ሄልሜት ያደረጉትንና ያላደረጉትን ለመቁጠር ምን ያስፈልጋል? አንድ በረንዳ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ። በገበያ ቀን አንድ ሰዓት፣ ከገበያ ውጭ በሆነ ቀን አንድ ሰዓት፣ ማምሻ ላይ አንድ ሰዓት። ነጂው አድርጓል? ተፈናጣጩስ? የሄልሜቱ ማሰሪያ ታስሯል? የሞተሩ መብራት ይሠራል? የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሊሠሩት ይችላሉ። የአንድ ቀን ቆጠራ ምንም አያረጋግጥም፤ ወር በወር ሲደጋገም ግን የዘመቻን፣ የቅጣትን፣ የትምህርትን ውጤት በግልጽ ያሳያል። ይህ ቆጠራ የሌለበት ዘመቻ ሁሉ በግምት የሚሰጥ መድኃኒት ነው።

ፍጥነትን ደግሞ በሒሳብ ማየት ይቻላል። በ2003ቱ የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ለትናንሽ ተሽከርካሪዎችና ለሞተር ሳይክል በከተማ ተፈቅዶ የነበረው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነበር። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ መኪና በአንዲት ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሹፌሩ ሕፃን ልጅ አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢወስድበት 25 ሜትር አልፏል፤ ፍሬኑ ይዞ ደረቅ አስፋልት ላይ እስኪቆም ሌላ 20 ሜትር ያህል ይጨምራል። በጠቅላላው 45 ሜትር። በ30 ኪሎ ሜትር ቢሆን 18 ሜትር በበቃው ነበር። አጠና የጫነ መኪና ሲሆንማ የቀረውን አንባቢ ያስበው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 የዓለም አገሮች ስቶክሆልም ላይ ተሰብስበው ሰውና መኪና በሚቀላቀልበት ቦታ ፍጥነቱ ከ30 እንዳይበልጥ የተስማሙት ከዚህ የተነሣ ነው። መሸንቲ ሰውና መኪና የሚቀላቀልባት ቦታ ካልሆነች ሌላ የትኛዋ ትሆናለች?

ታዲያ 30 የሚል ምልክት የሚተክል ማን ነው? መንገዱ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ የሚመጣ የፌዴራል አውራ ጎዳና ነው፤ የሚጠግነውና ምልክት የሚተክልበት የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። ከመንገዱ ዳር ያለው ሱቅ፣ ገበያና ቤት የሚተዳደረው በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ነው። አደጋውን የሚመዘግበው የክልሉ ፖሊስ ነው። ቁስለኛውን የሚያክመው የጤና ዘርፍ ነው። አራቱም የየራሳቸው ደብተር አላቸው። መንገዱን የያዘው የፖሊሱን መዝገብ አያይም፤ ፖሊሱ ከሆስፒታሉ አይሰማም፤ ለሱቅ ቦታ የሚሰጠው ሰው መኪና በስንት እንደሚያልፍ አይጠየቅም። ለእኔ ከአስፋልቱ መጥበብ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። አራቱ በወር አንድ ቀን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡና አንድ ካርታ ላይ የወሩን አደጋ በነጥብ ቢያስቀምጡ፣ ከዓመት በኋላ ነጥቦቹ የት እንደተከማቹ ለማየት ባለሙያ አያስፈልግም። ለዚህም ፖሊሱ «አካባቢ» ከሚል ይልቅ የኪሎ ሜትር ምሰሶውን ቁጥር ወይም በስልኩ የሚያገኘውን የቦታ ምልክት መጻፍ ይኖርበታል።

እስካሁን ሞተርን በሚመለከት የምንሰማቸው ትልልቅ ውሳኔዎች የመጡት ከአደጋ መዝገብ አይደለም። አዲስ አበባ በ2011 ክረምት መግቢያ ላይ ሞተር ሳይክልን ስታግድ የተሰጠው ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። በአማራ ክልል ከተሞችም በጸጥታ ምክንያት ሞተርና ባጃጅ የታገደባቸው ጊዜያት አልፈዋል። የጸጥታን ጉዳይ አቅልዬ አላይም፤ ክልሉ ከ2015 ክረምት ወዲህ ያየውን መከራ ሁሉም ያውቀዋል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ መዝገብ መያዝ ምን ያህል ከባድ እንደሆነም ይገባኛል። ነገር ግን ሲታገድ የሚቆም፣ ሲፈቀድ እንደ ድሮው የሚቀጥል ነገር ፖሊሲ አይባልም። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛው፣ ሚስቱ ልትወልድ ስትል የሚሮጠው ባል፣ ሁሉም የሚሄደው በሞተር ነው። ሞተር የማይቀር ከሆነ በሰላም የሚሄድበትን መንገድ ማጥናት አለብን።

ሙታንን የመቁጠር ብልኃት በአገራችን አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በከተማዋ ቤተ ክርስቲያኖችና መስጊዶች የመቃብር ሥፍራ የቀብር ምዝገባ አደራጅተው ነበር፤ ሞት ከሆስፒታልና ከቀበሌ ቢያመልጥ ከመቃብር አያመልጥምና። ከዚያም የሟቹን ቤተሰብ ሄደው ይጠይቃሉ፤ ምን አመመው፣ መቼ ጀመረው፣ ምን አያችሁ ብለው። የቃል ምርመራ ይሉታል። ወደ እኛ ቀረብ ሲባል የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዳባት ላይ ቤት ለቤት የልደትና የሞት ክትትል ያካሂዳል። መሸንቲም የራሷ መዝገብ አላት፤ የእድር ደብተር። ጸሐፊው የሞተውን፣ የሞተበትን ቀን፣ የተከፈለውን ገንዘብ ሳይጽፍ አይውልም። ከስሙ አጠገብ «ምን ገደለው? የት?» የሚል አንድ አምድ ቢጨመርበት ፖሊስም ሆስፒታልም ያላገኙትን የሚይዝ ሦስተኛ መረብ በእጃችን ነበር።

የቃል ምርመራውን ጥያቄዎች ይዤ ባለፈው ጥቅምት አክስቴ ዘንድ ሄድሁ። ቡና አፍልታ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ያልጠየቅኋትን ልጠይቃት መሆኑን ስነግራት ሲኒውን አስቀመጠች።

«ምን ልታደርግበት ነው?»

«ልጽፈው ነው፣ አክስቴ።»

«ከነአባቱ ስም ጻፈዋ።»

ጻፍሁት። ቀኑን ነገረችኝ፤ የማርያም ማግስት ነበር። ሰዓቱን ጠየቅኋት። «ለዐይን ያዝ ሲያደርግ» አለች። የሞተሩ መብራት ይሠራ እንደሆነ፣ ራሱ ላይ ምን እንዳደረገ፣ መጀመሪያ ያየው ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። አንድ በአንድ መለሰች። ከዚያ «ሲፈጥኑ ነበር የወደቁት?» አልኋት፤ ሽማግሌዎቹ ያሉትን ለመጻፍ እጄን አዘጋጅቼ።

«ኧረ አይደለም ልጄ። ፈጠነ ያሉትስ ነገሩ እንዲበርድ ብለው ነው። አሸዋ ነበር። ቤት የሚሠራ ሰው አሸዋ አስገልብጦ፣ ግማሹ አስፋልቱ ላይ ወጥቶ፣ ምልክት የለው፣ ምን የለው። ጨለማ ውስጥ ዘው አሉበት።»

ለሰው ነግረሽ ታውቂያለሽ ወይ አልኋት።

«ማን ጠየቀኝ?»

የት ጋ እንደሆነ ልታሳየኝ ነጠላዋን ለብሳ ተነሣች። ከቤቷ እስከ አስፋልቱ ሩቅ አይደለም። ጎሚስታውን አልፈን፣ ከግራር ዛፉ ፊት ለፊት ቆመች፤ በእጇ መሬቱን አመለከተችኝ። እዚያው ቦታ ላይ፣ አዲስ ከሚሠራ ሱቅ ፊት፣ ጠዋት የተገለበጠ እርጥብ አሸዋ ነበር፤ ጠርዙ ወደ አስፋልቱ ፈሷል። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። አክስቴ ከባለ ሱቁ አካፋ ተውሳ መጣችና አሸዋውን ከአስፋልቱ ላይ መመለስ ጀመረች።